ግንቡን የተሻገረች ድንች

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለኦርላ። የአውስትራሊያ ፀሐይ አይክፋብሽ፤ የቤልፋስት ዝናብ ግን ትንሽ ይናፍቅሽ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እናትሽም እኔው ነኝና ልጠይቅሽ፤ በደንብ ትበያለሽ?

የኛን የካቶሊኮቹን ሰፈር ከነሱ ከፕሮቴስታንቶቹ ከለየው ግንብ ማዶ ያለውን ዊልበርትን ታስታውሻለሽ። ልጆች ሳለን ድንጋይ ብወረውርበት፣ «ክንድህን ከአያትህ ተዋስከው እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ሳላይ፣ ስድቡን እየሰማሁ፣ ስድቤን እየመለስኩ አረጀሁ። ድንች ስነቅልም አንዷን ለምሳው እወረውርለት ነበር።

ባለፈው ወር ድምፁ ጠፋ። ብጠራው ዝም። በግንቡ በር ዞሬ ቤቱ ሄድኩ።

ሴት ልጁ ከፈተችልኝ። «ያ ተሳዳቢ አንተ ነህ? አባባ እኮ ጆሮው መስማት አቆመ። ‹ያ ወስላታ ዝም አለኝ፤ ሞቷል ማለት ነው› እያለ ያዝናል።»

ገባሁና በኃይል ሰደብኩት። እሱ ግን እንደ እንግዳ ቆጥሮኝ በትሕትና ራሱን ነቀነቀልኝ። ልጁ ማን እንደሆንኩ በወረቀት ጽፋ ብታሳየው ሳቀ። «ውሸት! ያ ጎረምሳ ነው፤ ይሄ ሽማግሌ ነው።» እንደዚያን ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ከጓሮዬ አንድ ድንች ወረወርኩ። ጥቂት ቆይታ ተመልሳ ጎመኔ ላይ ዱብ አለች።

አሁን በየጠዋቱ እንወራወራለን። ድንች ግን አትሳደብም፤ ጓሮው ጭር ብሏል። ስለዚህ ልጄ፣ እሑድ ስትደውዪ «ደህና ነህ?» ብለሽ ብቻ አትዝጊው፤ ትንሽ ስደቢኝ።

በርሽን የሚያንኳኳ አትጪ።

አጎትሽ ፊንታን