ከወርቁ ጋር በአንድ ቋጠሮ

አርብ ገበያ፥ ኅዳር ፳፰ ቀን ፲፱፻፲፬ ዓ.ም.

ውድ ልጄ ዘርፌ፥

እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ገብሱም ታጭዷል። መርጌታ ወልደ ሩፋኤል ይህን ሲያነቡልሽ ጮክ ብለው ያንብቡት። የአክስትሽ ጎረቤቶችም ይስሙ፤ የምደብቀው የለኝም።

ያን ጎረቤታችንን ወርቁን ከሰስኩት፤ ረታሁትም።

አትክሰሰው ብለሽኝ ነበር። «አባባ፥ ስሜ በችሎት ፊት አይነሣ» ብለሽ እግሬ ላይ ወደቅሽ። እኔ ግን አልፌሽ ወጣሁ። ወደ አክስትሽ፥ ወደ እስቴ በሄድሽበት ጧትም አጥር እጠግን ነበር እንጂ ቀና ብዬ አላየሁሽም። ባይሽ ኖሮ አልለቅሽም ነበር። ስምሽ እንደሆነ በችሎት ባይነሣም በየምንጩ ይነሣ ነበር። ወርቁ ጊደር ሞተችበትና «የደምሌ ልጅ በልታብኝ ነው፤ ቡዳ ናት» ካለ ወዲህ፥ ባለፍሽ ቁጥር ልጆቹን በጋቢው ሲሸፍን፥ በአጥራችን ሥር ጭስ ሲያጨስ፥ ምንጭ ስትወርጂ ከኋላሽ ሲተፋ አይቻለሁ። ሊያጩሽ የመጡት ሰዎች ሳይቀመጡ የተመለሱት በዚሁ ቃል ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሽማግሎች መጡ። ተናጋሪያቸው ተሻገር ነበር።

«ደምሌ፥ ልጅቱ ከሄደች ወሬው በራሱ ይሞታል። ታረቅ።»

«የሄደችው ልጄ ናት፤ ወሬው እዚሁ ነው» አልኩት።

«አንተ ሰው ድንጋይ ነህ።»

«እንግዲያው አትልፋ» አልኩና በትሬን ይዤ ወደ ዳኛው ሄድኩ።

ችሎቱ ዓርብ ቀን ከገበያው በላይ፥ ከወይራው ሥር ነው። ወርቁ «አላልኩም» ብሎ ካደ። ዳኛው ምስክር እስኪቀርብ ለሚቀጥለው ዓርብ ቀጠሩንና ወርቁን ዋስ ጥራ አሉት። ዞር ዞር ብሎ ተመለከተ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ለካ ያስመረረው እኔን ብቻ አልነበረም። ዋስ ያጣ ተከሳሽ እንዳያመልጥ ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል፤ ደንቡ ይኸው ነው። የእሱን ጋቢ ጫፍ ከእኔ ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጥረው ሰደዱን።

«ቀስ በል፥ ሽማግሌ» አለኝ በመንገድ ላይ።

«አንተ ፍጠን» አልኩት። እንዲህ እየተጓተትን ቤት ደረስን።

እናትሽ የባቄላ ክክ ወጥ አቀረበች። ወርቁ ፊቱን አዞረ። «የቡዳ ቤት» ካለው ቤት እንዴት ይብላ? ሚስቱ ፋንቱ ምግብ ይዛ መጣች፤ ግን ግቢያችን መግባት ፈርታ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ተጣራች።

«ተነሣ እንሂድና ልቀበላት» አለኝ።

«ደክሞኛል። ትግባና ትስጥህ፤ በሩ ክፍት ነው።»

እኔ ካልተነሣሁ እሱ አይነሣም። ፋንቱ ምግቡን ይዛ ተመለሰች።

በማግስቱ ወደ ገብሱ ይዤው ወረድኩ። ዝም ብሎ ከሚጎተት እሱም ማጭድ አነሣ። ማታ ማዕዱ ደጅ ላይ ሲቀርብ ብላም አላልኩት፥ አትብላም አላልኩት። ጥቂት ቆይቶ እጁን ዘረጋ። ይህን ጊዜ ፋንቱ ከአጥሩ ማዶ ደርሳለች።

«ወርቁ፥ ምንድን ነው የምታላምጠው?»

«ክክ።»

«የማን?»

ሌላ ጉርሻ ጎረሰ። እናትሽን ግን አላስቻላትም፤ «ነገ ለአንቺም አተርፍልሻለሁ» አለቻት።

እስከ ዓርብ እየበላ ሰነበተ። በማንኮራፋቱ እኔን እንቅልፍ ነሣኝ እንጂ እሱ ጤናው ሙሉ ነበር።

በችሎቱ ምስክሮቼ ቃሉን አጸኑበት። ወርቁ መካዱ እንደማያዋጣው ሲያይ «ብልስ? እውነት ስለሆነ ነው ያልኩት» አለ። እኔም «ጌታዬ፥ ከማን ማዕድ እየበላ እንደሰነበተ ይጠየቅልኝ» አልኩ።

«ከእሳቸው ቤት» አለ ወርቁ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሆድህን ቆረጠህ?» አሉት ዳኛው።

«አልቆረጠኝም።»

«ወጡስ እንዴት ነበር?»

«ጨው ያንሰዋል።»

ችሎቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ወጡ ጨው አላነሰውም።

ዳኛው ካሣ ሊቆርጡልኝ ነበር። «ካሣ አልሻም። ስሟን ያጠፋው በአደባባይ ነው፤ በአደባባይ ያስተባብል» አልኩ። እንደ ቃሌ ፈረዱልኝ። ወርቁ ከእህል ተራው ድንጋይ ላይ ወጥቶ «ስሙ፥ የደምሌን ልጅ ዘርፌን ቡዳ ያልኩት ሐሰት ነው። ከቤታቸው በላሁ፥ ጠጣሁ፥ ይኸው ቆሜአለሁ» አለ። ይህን ካለ በኋላ ቋጠሮው ተፈታልን።

ዛሬም አንዋደድም። ባገኘኝ ጊዜ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣኛል፤ እኔም እመልስለታለሁ። ፋንቱም ከእናትሽ ጋር አብራ ምንጭ ትወርዳለች። ከጎረቤት ከዚህ በላይ አልፈልግም። ደጄ ላይ ስቀመጥ ልቤ ያርፋል።

እንግዲህ የቀረው የአንቺ መምጣት ነው። ሲመሽ፥ በጓሮ መንገድ፥ ነጠላሽን ተከናንበሽ እንዳትመጪ። ዓርብ ቀን፥ ገበያው ሲሞላ፥ ፊትሽን ገልጠሽ በእህል ተራው መካከል ነይ። እኔ እዚያው ቆሜ እጠብቅሻለሁ። በዚህኛው ዓርብ ባትመጪ በሚቀጥለው እቆማለሁ፤ በሚቀጥለው ባትመጪ ከዚያ ወዲያ ባለው። ከእኔና ከአንቺ ማን ቀድሞ እንደሚታክተው ታውቂያለሽ።

አባትሽ
ደምሌ ወልደ ሰንበት