የዚነት እጅ

ግንቦት 5

ዛሬም ሙቀት። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ መቀመጥ አይቻልም፤ የስፌት መኪናው ብረት ራሱ ያቃጥላል። ሁለት ቀሚስ አሳጠርኩ፣ የአንድ ሱሪ ዚፕ ቀየርኩ። ክሩን መርፌ ውስጥ ያስገባችልኝ ግን ዚነት ናት። እሷም በስንት ሙከራ። "ሁለት ዕውር ለአንድ መርፌ!" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አንድ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ስንሰፋ ስንት ዓመታችን። ስኳሩ የያዘን ተከታትሎ ነው፤ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እሷን። ዓይናችን ላይም እንደዚሁ ወጣ። ሁለታችንም ቀኙ ነው የባሰብን።

ከሩቅ የመጡ የዓይን ሐኪሞች እዚሁ ቆቦ ሆስፒታል ጥናት ጀምረዋል። በወር አንድ ቀን ይመጣሉ። ስኳር ዓይኑን ከጎዳው ሰው ግማሹ ዓይኑ ውስጥ መድኃኒት በመርፌ ይወጋል፣ ግማሹ በጨረር ይታከማል። የቱ እንደሚሻል እነሱም ገና አያውቁም፤ ለዚያ ነው የሚያጠኑት። ለማን የቱ እንደሚደርስ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ነገ ይወጣል።

ሁለታችንም የተመኘነው መርፌውን ነው። ዓይኔን ውጉኝ ብሎ የሚሳል ሰው... እኛን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ግንቦት 6

ለዚነት መርፌ። ለእኔ ጨረር።

ዕጣውን ያወጣው ኮምፒውተር ነው። በዕቁብ እንኳ ወረቀቱ ተጠቅልሎ፣ ተወዝውዞ፣ ሰው እያየው ነው የሚወጣው። ይኼ ምን ዓይነት ዕጣ ነው?

ሄኖክ የሚባለው የጥናቱ ነርስ ረጅም ነገር አስረዳኝ። እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይደረጋል፣ እንዲያ ከሆነ ደግሞ... አንዱንም አልሰማሁት። በመስኮቱ ዚነትን እያየሁ ነበር። ውጪ ቆማ ሻሿን ታስተካክላለች። ፊቷ በርቷል።

"አይዞሽ፣ ጨረሩም መድኃኒት ነው" አለችኝ ባጃጅ ውስጥ። የደረሳት ሰው ነቻ! ምን አለባት?

ግንቦት 7

ዚነት ትናንት የተወጋችውን ዓይኗን በነጭ ጨርቅ አሽጋ መጣች። ገበያተኛው ሁሉ እየቆመ፣ "ምነው? ምን ሆንሽ? አላህ ይማርሽ፣ እግዜር ይማርሽ..."። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ጨረር ምልክት የለውማ።

ሰኔ 7

የሐኪሞቹ ቀን። ተራ እየጠበቅን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ እሷ ገባች። በሙቀቱ ምክንያት በሩን አይዘጉትም።

የሚያስነብቡን ፊደል አይደለም። ማበጠሪያ የመሰለ ምልክት ነው። ከላይ ትልቅ፣ ወደ ታች እያነሰ የሚሄድ። ጥርሶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጅ ማሳየት ነው። ከተቀመጥኩበት ሰሌዳው አይታየኝም። የዚነት እጅ ግን ይታየኛል። ወደ ላይ። ወደ ቀኝ። እንደገና ቀኝ። ወደ ታች... መቼም የማትቆም መሰለኝ። ሄኖክ፣ "ጎበዝ! ካለፈው ሁለት መስመር ጨመርሽ" ሲላት ሰማሁ።

እኔስ? እንደዚያው ነሽ ተባልኩ። አልጨመርሽም፣ አልቀነስሽም። ደህና ነው አለኝ። ምኑ ነው ደህና!

ሰኔ 12

ዚነት ዛሬ ክሯን በአንድ ጊዜ አስገባች። ያውም እያወራች።

ሰኔ 25

ቀናሁ። ልጻፈው እንግዲህ፣ ማን ያነበዋል? ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። ከባጃጅ ወርዳ ሰው በሩቅ ስትጠራ ያንገበግበኛል። "አንቺ ፈሪሀ! የት ጠፋሽ?" ፈሪሀን መንገድ ማዶ አይታት እኮ ነው። እኔ ፈሪሀ መሆኗን ያወቅኩት ስትጠራት ነው።

የእኔ ዓይን እየከፋ ነው። መሀሉ ላይ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ቀጥ ያለ መስመር ይጎብጥብኛል። ለዚነት አልነገርኳትም። ብነግራት ታዝንልኛለች። እሱን አልችለውም።

ሐምሌ 7

ዛሬ ያደረግኩትን...

እንደገና መጀመሪያ የገባችው ዚነት ናት። እኔም እጇን እያየሁ መስመር በመስመር ያዝኩት። ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ። እንደ ጥልፍ ነው፤ አንዴ መደቡን ከያዝሽው እጅሽ ራሱ ይሄዳል። ስንት ዓመት የሰው ጥልፍ አይቼ ቀድቼ የለ? ስገባ ከሦስተኛው መስመር በታች ሁሉም ጭጋግ ነበር። እኔ ግን እሷ የደረሰችበት ድረስ ወረድኩ። አንድ እንኳ ጨመርኩባት! በግምት ነው፣ ገጠመልኝ።

ሄኖክ ደስ አለው። "ጨረሩ ሠራልሽ!" ብሎ ጻፈ። ዚነት አግዳሚው ላይ ሆና አጨበጨበችልኝ።

አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እውነቱን ለመናገር።

ሐምሌ 20

ሶለል ሊደርስ ነው፣ ለልጃገረዶቹ በዓል ቀሚስ ከየቤቱ ይጎርፋል። ወደ ማን? በላይነሽ ሁሌ የእኔ ደንበኛ ናት፤ ለልጇ በየዓመቱ እኔ ነኝ የምሰፋላት። ዛሬ ጨርቁን ይዛ መጣች፣ ሰላም አለችኝ፣ አለፈችኝ... ዚነት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። "አንቺ ሥራ በዝቶብሻል ብዬ ነው" አለችኝ። ጠረጴዛዬ ባዶ ነበር።

ሐምሌ 26

በእጄ የቀረው አንድ የሶለል ቀሚስ ነበር። ደረቱ ላይ ያለው ጥልፍ ወደ አንድ ጎን ሄዶብኛል። እኔ አላየሁትም፤ ለእኔ ቀጥ ያለ ነው። ምሳ በልቼ ስመለስ ዚነት ጭኗ ላይ አድርጋ ትተረትረዋለች። ቀስ ብላ፣ ሰው ሳያይ አስተካክላ ልታስቀምጥልኝ።

"ማን ንኪ አለሽ?"

"ወለላዬ... አይታይሽም አይደል?"

"ይታየኛል! ሄኖክን ጠይቂው፣ ካንቺ በላይ ነው ያነበብኩት።"

ቀሚሱን አጠፈችና፣ "የነሐሴውን መርፌ አንቺ ውሰጂው" አለችኝ።

እንዴት ይሆናል አልኳት። "ምን ችግር አለው? ዕጣ አይደል? የዕቁቡን ዕጣ ለቸገረው እንለቅ የለ? ቤትሽን ንፋስ ያፈረሰው ጊዜ የእኔን አልወሰድሽም? ወላሂ እኔ ደህና ነኝ፣ አንድ ወር ብዘል ምንም አልሆን። የመስከረሙን እኔ እወስዳለሁ።"

ደግነቷም ያናድደኛል። ስላላት ነው የምትሰጠው። እኔ ምን አለኝና ልስጣት?

ነሐሴ 2

እምቢ ልላት ነበር። አላልኳትም።

ነሐሴ 6

መስመሩ አይታየኝም። ቢሆንም ልጻፈው።

የዚነትን ካርድ ይዤ፣ ሻሼን እንደሷ አስሬ ሄድኩ። እሷ ቆቦ ውስጥ እንዳትታይ በጠዋቱ ዋጃ እህቷ ጋ ሄዳለች። መርፌ የሚወጉት ሄኖክ በሌለበት በሌላ በር ነው የሚገቡት፤ የዓይንን ጀርባ ፎቶ የሚያነሳው ባለሙያም አዲስ ነው፣ አያውቀንም። "ዚነት" ሲል "አቤት" አልኩ። አገጬን ማሽኑ ላይ አስደገፈኝ። አነሳኝ። ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየ።

"ይኼ ዓይን የዚነት አይደለም" አለ።

ለካስ የዓይን ጀርባ የደም ሥር እንደ ጣት አሻራ ነው። የሁለት ሰው አንድ አይሆንም። ሻሽ የማሰር ጉዳይ አይደለም።

ሄኖክ ተጠራ። ሐኪሟ ዶክተር ሩትም መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው። "ይኼን ሁሉ ውኃ የቋጠረ ዓይን፣ ባለፈው ወር እንዴት እዚያ ድረስ አነበበ?" አለች ሄኖክን። ሄኖክ ሰሌዳው ፊት አስቀመጠኝ። ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ...

"ወለላ" አለኝ ሄኖክ፣ ቀስ ብሎ። "ገልብጬ ነው የሰቀልኩት።"

መሬት ብትውጠኝ!

ከዚያ ዶክተር ሩት ነገረችኝ። በጨረር የታከመ ሰው እይታው ከወረደ መርፌ ይሰጠዋል። ደንቡ ነው። መጀመሪያ ቀን ሄኖክ አስረድቶኛል። እኔ በመስኮቱ ዚነትን ሳይ የነገረኝ እሱን ነበር! "ሐምሌ ላይ ያልታየሽን አልታየኝም ብትይ ኖሮ ያኔውኑ እንወጋሽ ነበር" አለችኝ። የራሴ መርፌ እዚያው ነበር። ከዚነት እጅ ቀማሁት እንጂ።

"እሷ ናት እኮ የለቀቀችልኝ፣ ዕጣ አይለቀቅም?" አልኩ።

"ይኼ አይለቀቅም። የእሷ ዓይን የራሱ ቀን አለው። ደግሞ እናንተ ከተቀያየራችሁ የቱ እንደሚሻል በምን እናውቃለን? ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ሰው ምን እንበለው?"

በራሴ ስም ወጉኝ። ዚነትን ሄኖክ ደጋግሞ ደወለላት፣ ስልኳ ዝግ ነው። ሐኪሞቹ በመንገዱ ምክንያት ሳይመሽ መውጣት አለባቸው። አሥር ሰዓት ላይ መኪናቸው ወጣ። እኔ ዓይኔን ታሽጌ በር ላይ ቆሜ አየሁት።

ነሐሴ 7

ሁሉንም ነገርኳት። እጇን እያየሁ መቅዳቴንም። "እጄን?" አለች። "እጄን ሰርቀሽ ነው ያጨበጨብኩልሽ?" እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንደሷ መሳቅ ብችል... በዚህም ቀናሁ። የማያልቅ ነገር!

ነሐሴ 14

ክር አስገባሁ። በመጀመሪያው። ጮኼ ልነግራት ዞር ስል ዚነት መርፌዋን ወደ ብርሃን ይዛ ዓይኗን ታሻለች።

"ጭጋግ መጣብኝ መሰለኝ። ኢንሻ አላህ ያልፋል።"

የበላይነሽ ልጅ ቀሚስ እጇ ላይ አላለቀም። ሌላም ሁለት አለ። ሰበሰብኩና ወደ እኔ ጠረጴዛ ወሰድኳቸው። በላይነሽ መጥታ ስታየኝ፣ "ውይ፣ ተሻለሽ? ለከርሞ አንቺው ነሽ የምትሰፊልኝ" አለችኝ፤ ዚነት እየሰማች። ስመኘው የነበረው ይኼ አልነበረም? ይኸው መጣ። አንገቴን ደፍቼ መስፋቴን ቀጠልኩ።

ነሐሴ 16

ሶለል። ልጆቹ በረንዳችን ፊት መጥተው ጨፈሩ፣ ከበሮው፣ አቧራው። ዚነት ወንበሯን ወደ ደረጃው አስጠጋች።

"የበላይነሽ ልጅ አለችበት?"

"መሀል ላይ ናት።"

"የደረቷ ጥልፍ ከዚህ ይታያል?"

"ፏ ብሎ ይታያል።"

"ያንቺ ነው የኔ?"

"ያንቺ ነው" አልኳት።

የኔ ነበር።

መስከረም 6

ሐኪሞቹ መጡ። ዚነት ከትናንት ጀምሮ እህል አልበላችም። "እይታዬ ወርዶ ካገኙኝ ከጥናቱ ያስወጡኛል። ቀኔን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ" ትላለች። አያስወጡሽም ብላት አትሰማኝም።

ዛሬ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ሄኖክ አዲስ ሰሌዳ ሰቅሏል። የማላውቀው። እውነተኛው ዓይኔ ምን ያህል እንደሆነ ሳላውቅ መቀመጥ ፈራሁ። ግራ። ታች። ታች። ቀኝ። ታየኝ! አራተኛውም መስመር ታየኝ። አምስተኛው ላይ ሁለቱን ብቻ። ስድስተኛውን "አይታየኝም" አልኩ። አፌ ላይ ከብዶኝ ነበር ቃሉ። ሄኖክ፣ "በቃ፣ እንዲህ ነው የምፈልገው" አለኝ።

ሌላኛውን ዓይን ላስነብብሽ ብሎ ሲያዘጋጅ ዞር አልኩ። በሩ ክፍት ነው። ዚነት አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እጄን ነው የምታየው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጭኗ ላይ ጣቷ ግራ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ...

ተነሳሁና በሩን ዘጋሁት።

ስወጣ ቀና ብላ አላየችኝም። "ለምን ዘጋሽብኝ? አሁንም ቀናሽብኝ?" አለች። የቀናሁብሽ ጊዜማ ክፍት ነበር አልኳት። እጇን ይዤ አስነሳኋት፣ እስከ ወንበሩ ወሰድኳት፣ ስወጣም በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ከውስጥ ምንም አይታይም። አይሰማምም ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ብቻ የዚነት ድምፅ፣

"እሱ አይታየኝም" ሲል ሰማሁ።

ሦስት መስመር ነው ያነበበችው። መርፌዋን ወጓት፤ እኔንም ወጉኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ሁለታችንም ባጃጅ ውስጥ አንድ አንድ ዓይናችንን ታሽገናል። ሾፌሩ በመስታወት እያየ ሳቁን መያዝ አልቻለም። መጀመሪያ የሳቀችው ዚነት ናት፣ ከዚያ እኔ።