ከላንጋኖ ቀድሜሽ ወጣሁ

ፈናን፣

በጠዋቱ መኪና ወደ አሰላ ሄጃለሁ። የጎጆዋን ቁልፍ ለዘበኛው መልሺለት። የተረፈው ዓሣ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ሳይበላሽ ብዪው።

ሦስቱን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። አሰላ ሰኔ ገብቶ ሲዘንብ፣ እኛ እዚህ እግራችንን ሐይቁ ውስጥ ነክረን ዝም ብለን ዋልን። እኔ እያረፍኩ ነበር። አንቺ ለካ እንዴት እንደምትነግሪኝ እያሰብሽ ነበር።

ትናንት ስትነግሪኝ ፎጣሽን ውሃው ውስጥ ስለወረወርኩት ይቅርታ።

ግን ሔኖክ አራት ዓመት የኔ እጮኛ ነበር። አንቺን ለማግባት ሽማግሌ የላከ ቀን፣ አርቦዬ ከተማ እናትሽ ቤት፣ «የጸሎት እንግዶች ናቸው» ብለሽኝ ወንበር የደረደርኩት እኔ ነኝ። እጃቸውን ያስታጠብኩትም እኔ ነኝ።

አሰላ አብረን የምንኖርበት ቤት ስትገቢ ዕቃዬን አታገኚውም። የመብራት ካርዱን መስኮቱ ላይ እተውልሻለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሲመርቁሽ እኔም አሜን ብያለሁ።

ቤቴል