የስለሺ ቀይ ኮፍያ

ውድ እፀገነት፣

እንዴት ነሽ እህቴ? የጎንደር ብርድ እንዴት ይዞሻል? አስቀድሜ የጎረቤቴን ወሬ ልንገርሽ፤ ጎረቤቴ ያው ወንድምሽ ነው። አትደንግጪ፣ ስለሺ እየዳነ ነው። ሚስቱ ሳራም ደህና ናት። ትንሿ ልጃቸው ጥርስ አውጥታ ሰፈራችንን ማዮን በሙሉ ትነክሳለች። የስለሺ ቀኝ መዳፍ ግን ገና በፋሻ ነው። በስልክ «ከመሰላል ወደቀ» ያሉሽ እንዳትጨነቂ ብለው ነው እንጂ ኮረንቲ ይዞት ነው። እውነቱን እኔ ልጻፍልሽ፣ ጥፋቱ የእኔም ነውና።

እዚሁ ከተማ ሪያድ በሚባለው ሰፈር የምሠራበት ቤት የኤሌክትሪክ ሽቦው በዚህ አገር ጦርነት ጊዜ ከግድግዳ ተነቅሎ ተሰርቋል። አሰሪዬ ሃጅ ሰላሕዲን ኤሌክትሪሺያን ሲፈልጉ ስለሺን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሥራውን በኮንትራት ያዘ። ጠዋት ሻይ ስቀዳላቸው፣ «ሃጅ፣ እኔ እስክነግርዎት ጄኔሬተሩን እንዳይነኩ» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ጠይብ፣ ጠይብ» አሉት፤ በአረብኛ እሺ ማለታቸው ነው። ከዚያ እንደ ልማዱ አንቺ የገዛሽለትን ቀይ ኮፍያ ዋናው ማጥፊያ እጀታ ላይ ሰቀለው። ለካ ኮፍያው እዚያ ካለ እሱ ሽቦ ላይ ነው ማለት ነው። እኔ የት አውቄ! ላብና ሲሚንቶ ጠጥቶ ደርቋል። አንጀቴን በላኝና አውርጄ ማጠብ ጀመርኩ።

ቀትር ላይ ሃጅ ለሶላት ሊታጠቡ ቧንቧ ቢከፍቱ ውሃ የለም። ፓምፑ እንዲስብላቸው ብለው ጄኔሬተሩን አስነሱ፣ ማጥፊያውንም ከፍ አደረጉት። የጠዋቱን ቃል ረስተውታል። የስለሺ ጩኸት ከፎቅ ሲመጣ እጄ ላይ የኮፍያው አረፋ ነበር።

ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ሃጅ፣ «ኮንትራክተር ነው፣ የእኔ ቅጥር አይደለም፤ ራሱን መጠበቅ ያለበት ራሱ ነው። አልነገረኝም፣ ምልክትም አላደረገም» አሉ። ስለሺ «ኮፍያዬን ሰቅያለሁ» ቢል ማን ይመነው? ኮፍያው ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል! አየሽ፣ የሕክምናው ወጪም ስሙም በእኔ አፍ ላይ ወደቀ። ግዴለሽ ከተባለ ማን ቤቱን አምኖ ይሰጠዋል? ብናገር ደግሞ እንጀራዬንም ሳራንም ላጣ ነው። አራት ቀን ዝም አልኩ። ከኮፍያው ይልቅ ይኼ ያሳፍረኛል፤ ይቅር በይኝ።

በአምስተኛው ቀን መጀመሪያ ለሳራ ነገርኳት። በሩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ኮፍያውን ይዤ ሃጅ ዘንድ ገባሁ። «ሰቅሎት ነበር፤ ያወረድኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ‹ጠይብ› ብለዋል፤ ሻዩን የቀዳሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አልኳቸው። ኮፍያውን አዩት፣ አዩት፣ ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። አለቀልኝ ብዬ የሥራ ልብሴን ሸክፌ ቤቴ ገባሁ።

ትናንት ማን መጣ መሰለሽ? ሃጅ! መኪናቸው በማዮ መንገድ አትገባም፣ በሪክሻ፣ እናንተ ባጃጅ በምትሉት፣ እየተንገጫገጩ ስለሺ ቤት መጡ። ስለሺ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ «ነግረኸኝ ነበር፣ ረሳሁ። ከዚያ ደግሞ ዋሸሁ። እጅህ እስኪድን ሕክምናህም የቤትህ ወጪም በእኔ ላይ ነው» አሉት። በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺስ ምን ተቀምጠሻል? ነገ ሥራ አለ» አሉኝ።

ስለሺ ሳቀ። «ሃጅ፣ እሷ ባለችበት ቤት ከእንግዲህ ኮፍያ አልሰቅልም፤ ማጥፊያውን በቁልፍ ነው የምቆልፈው።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሳራ መጣች። ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም ነበር። ኮፍያውን ከእጄ ተቀብላ አገላበጠችው። «እኔ ልጠበው ብዬ ሦስት ዓመት ለምኜው እንቢ ያለኝን!» አለችና መሳቅ ስትጀምር እንባዋ መጣ። «በይ ነይ፣ ራት ቀርቧል።»

ሳትጠይቅ ኮፍያ የማትነካው ጓደኛሽ፣
ብርቅነሽ