ከውድድሩ መስመር ስለወጣችው ዋናተኛ

ለተከበሩ አቶ አብዱላሂ
የውሃ ስፖርት ጀግኖች የክብር ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ጅቡቲ ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ለኮሚቴዎ አባላት በሙሉ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። በተለይ የዋና ጸሐፊዎ ጤና ያሳስበኛል። ባለፈው ጥር ብዙ የባሕር ውሃ ስለጠጡ ሳንባቸው እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ ሳልጠይቅ በመቅረቴ ነውር ሠርቻለሁና ይቅርታዎ አይለየኝ።

እኔ ፀዳል እባላለሁ፤ በካርቲየ 5 ሰፈር ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። አባቴ በምድር ባቡሩ ዘመን ጥገና ክፍል ሲሠራ እዚህ ወለደኝ፣ እኔም ልጄን ሔርሜላን እዚሁ ወለድኩ። ባለቤቴ ተክለወልድ በአዲስ አበባ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ በፈረንሳይኛ ጽፌልዎ መልስ አላገኘሁም፤ ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ቅር አልተሰኘሁም። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ግን ፈረንሳይኛ ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ ደብዳቤውን ማንበብ የሚገባቸው ሰዎች ወረታ ስለሚኖሩ ነው። ለእርስዎ የሚያስተረጉም አይታጣም፤ ኮሚቴዎ የሰው ድህነት የለበትም።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሄሮን ሰፈር ላዘጋጁት የክብር በዓል ምስጋናዬ ይድረስዎ። አበባው፣ ምንጣፉ፣ የነፋስ ማራገቢያው ሁሉ ያማረ ነበር። በዕለቱ ሦስት ዋናተኞች፣ ሁለት ጀልባ ቀዛፊዎች፣ አንድ ጠላቂና አሥራ አራት የኮሚቴ አባላት ሜዳሊያ ተሸልመዋል። አገራችን በውሃ ስፖርት ይህን ያህል ኮሚቴ ማፍራቷን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ላስታውስዎ፤ የመዘገባችሁት ሌላ ነገር ስለሆነ ምናልባት ረስተውት ይሆናል።

ሔርሜላ ሃያ ዓመቷ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት አሠልጣኝ ዓብዱረዛቅ ባሕር ዳር ስትንቦጫረቅ አይቷት ቤታችን ድረስ መጣና፣ “ይቺን ልጅ ውሃው ይሸከማታል፤ ስጡኝ” አለን። እኔ ባሕር እፈራለሁ፤ ከጉልበቴ በላይ ገብቼ አላውቅም። እሷ ግን በየማለዳው ትሄዳለች፣ ፀጉሯ በጨው ደርቆ ትመለሳለች፣ እየበላች እንቅልፍ ይወስዳታል። በአምስት ኪሎ ሜትሩ የባሕር ዋና ሦስት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጣች። እርስዎም ግንባሯን ስመው “የአገር ኩራት” ብለዋታል፤ ፎቶግራፉ አለን።

ዘንድሮ ጥር፣ ዓርብ ጠዋት፣ ለእሷ አራተኛዋ የሆነው ውድድር ተጀመረ። ዋናተኞቹን ተከትሎ የሚጠብቅ አንድ ጀልባ ተከራይታችሁ ነበር። ጀልባው ለስምንት ሰው የተሠራ ነው፤ ሆኖም የክብር እንግዶች ውድድሩን ከቅርብ ማየት ስለፈለጉ አሥራ አምስት ሰው ተሳፈረበት። ለነፍስ አድን ሠራተኛው ቦታ ስለጠፋ በትሕትና ወርዶ ከዳር ቆመ። የነፍስ አድን ጃኬቶቹም አግዳሚው ላይ ተነጥፈው መቀመጫ አለሰለሱ። ለእንግዳ እንዲህ መጨነቅ የታላቅ ቤት ምልክት ነው።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ጀንበሬ ነበር። ጀንበሬ ከወረታ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ከሱቄ አጠገብ ባለው ምግብ ቤት ያስተናግድ ነበር። የዚያን ቀን ለእንግዶቹ ለስላሳ እንዲያቀርብ ቀጠራችሁት። ለዚሁ ሥራ የለበሰውን ነጭ ሸሚዝ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሊወስድ ሲመጣ፣ “እትዬ ፀዳል፣ ዋና ሳልችል ባሕር ላይ ልሠራ ነው” ብሎ ሳቀ። እኔም፣ “አንተ ምን ቸገረህ፣ ጀልባው እኮ የነፍስ አድን ነው” አልኩት።

አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሔርሜላ ትመራ ነበር፤ ሁለተኛዋ ዋናተኛ ሰብሪና አርባ ሜትር ያህል ወደኋላ ቀርታለች። እንግዶቹ ሔርሜላን ፎቶ ለማንሳት ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሄዱ። ጀልባው ተገለበጠ።

ልጄ ጩኸቱን ሰምታ ዞረች። መጀመሪያ እጇ የገባው ዋና ጸሐፊዎ ናቸው፤ አንገቷን አንቀው ቢይዟትም እየጎተተች የተገለበጠው ጀልባ ጀርባ ላይ አስያዘቻቸው። ሁለተኛ አንዲት እንግዳ ሴት አወጣች። ሦስተኛ ነጭ እጅጌ አየችና ሄደች። ጀንበሬን እጁን ያዘችው። “እኅቴ፣ አትልቀቂኝ” አላት። “አልለቅህም” አለችው። በዚያች ቅጽበት ዋና ጸሐፊዎ ከጀልባው ጀርባ ተንሸራትተው ከኋላ እግሯን ጨበጡ። ሦስቱም አብረው ወደ ታች ሄዱ። እሷ ስትወጣ እግሯ ላይ እሳቸው አሉ፤ እጇ ላይ ማንም የለም።

በዚህ አልወቅሳቸውም። የሚሰጥም ሰው የጨበጠው የማን እግር እንደሆነ አያውቅም። ዓሣ አጥማጆች ደርሰው የቀሩትን ለቀሙ፤ ሔርሜላንም በእነሱ ጀልባ ወደ ዳር አመጧት። ጀንበሬ ከሰዓት በኋላ ተገኘ።

የምወቅሰው ካለ ከውሃው ከወጣችሁ በኋላ ያደረጋችሁትን ነው። ቅሬታዎቼን፣ ለንባብ እንዲመችዎ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። በሳምንቱ በወጣው የውጤት መግለጫ ላይ “ተወዳዳሪ ቁጥር 11 ያለ በቂ ምክንያት ከመስመር ወጥታ ውድድሩን አቋርጣለች” ተብሎ ተጽፏል። ፊርማው የዋና ጸሐፊዎ ነው። የእጅ ጽሑፋቸው ምንም አልተንቀጠቀጠም፤ እንዲህ ቶሎ በማገገማቸው ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛ። ለበላይ አካል በላካችሁት ዘገባ ላይ ውድድሩ “ያለ አንዳች አደጋ በሰላም ተጠናቋል” ይላል። ከጀንበሬ ሬሳ ጋር ወደ አገሩ የላካችኋት ወረቀት ደግሞ “በድንገተኛ የልብ ሕመም” ትላለች። መጀመሪያ የልጄ ቅጣትና እነዚህ ወረቀቶች ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም ነበር። ልጄን ለመሸለም ባትፈልጉ እንኳ ለምን ትቀጧታላችሁ ብዬ ዓብዱረዛቅን ጠየቅኩት። ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ፣ “ፀዳል፣ ሔርሜላ ሰው አዳነች ካሉ፣ ሰው ከምን ዳነ ይባላል። ጀልባው ለምን ተገለበጠ፣ ስንት ሰው ነበረበት ይባላል። ስለዚህ አላዳነችም” አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ገባኝ። መግባቱ ግን ምንም አልጠቀመኝም።

ሦስተኛ። ከበዓሉ አሥር ቀን በፊት አንዲት ጨዋ ሴት ከኮሚቴዎ ዘንድ ቤታችን መጣች። ሔርሜላ ቁመናዋ ያማረ ስለሆነ ሜዳሊያዎቹን በትሪ ይዛ ለክቡራኑ እንድታቀርብ ተመርጣለች አለችን። እኔ ልጄ ትሪውን ሳታየው የምትወረውረው መስሎኝ ነበር። “እሺ” አለች። ሴትዮዋ ስትሄድ፣ “ለምን እሺ አልሽ?” አልኳት። “እጄ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ እማዬ” አለችኝ።

እንዳዘዛችኋት ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ትሪውን ይዛ ቆመች። ሰብሪና ለወርቁ ስትጠራ ወደ ትሪው መጣች። ሰብሪናን አልጠላትም፤ ጩኸቱን ሳትሰማ ዋኝታ የጨረሰች ልጅ ናት። ሜዳሊያው አንገቷ ሲገባ ወደ ሔርሜላ ጠጋ ብላ በሱማልኛ፣ “ምን ልበላቸው?” አለቻት። ሔርሜላም፣ “አመሰግናለሁ በያቸው” አለቻት። ሰብሪና ማይክራፎኑን ይዛ አመሰግናለሁ አለችና ፊቷን ሸፍና ወረደች። እናንተ የደስታ ለቅሶ መስሏችሁ አጨበጨባችሁ።

ቀጥሎ “ስለ ላቀ ትጋታቸው” ዋና ጸሐፊዎ ተጠሩ። ትሪውን ማን እንደያዘው ያዩት አጠገቡ ሲደርሱ ነው። ከዚያ አባት ለልጁ በሚናገርበት ድምፅ፣ “እንዴት ነሽ ልጄ? ባሕሩስ እንዴት ነው?” አሏት።

“እዚያው ነው ጌታዬ” አለቻቸው።

አራተኛ ቅሬታዬ ወንበሬ ከምሰሶ ጀርባ መሆኑ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ማየት የሚያሻኝ ነገር ስላልነበረ ግን ትቼዋለሁ።

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣ ሰዎች ስለምን አትጮኺም ይሉኛል። ጎረቤቶቼ በእኔ ፈንታ ይናደዳሉ፤ ተክለወልድ በየመንገዱ ስልክ ደውሎ ይናደዳል፤ እኔ ክር እያስገባሁ እሰማቸዋለሁ። ንዴቱ አንድ ቦታ እንዳለ አውቃለሁ፤ ጥርስ ተነቅሎ ማደንዘዣው ሳይለቅ እንደሚሆነው፣ በምላስ ሲነካኩት አለ፣ አያምም። ሔርሜላም እንዲሁ ናት። ከጥር ወዲህ ባሕር አልገባችም። በለመደችው ሰዓት ትነሣለች፣ የዋና ቆቧን አጥባ ታሰጣለች፣ አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች። ያለቀሰችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ሜዳሊያ አልነበረም። “አልለቅህም ብዬው ነበር” አለችኝ።

የጀንበሬ ታናሽ ወንድም በዕውቀቱ ከወረታ ደወለልኝ። ቁጥሬን ያገኘው ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከነበረችው የስፌት ቤቴ ካርድ ነው። በጣም ጨዋ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ስለ ሁላችንም ጤና ጠየቀኝ። ከዚያ፣ “እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወንድሜን ስናጥበው ከጆሮው አሸዋ ወጣ። ልብ ሕመም አሸዋ አለው እንዴ?” አለኝ።

ሔርሜላ ከአልጋዋ ተነሥታ መጣችና ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ሁሉንም እሷ ነገረችው፤ ጀልባውን፣ ጃኬቶቹን፣ እጁን፣ እግሯን። አንድም ነገር አላስቀረችም። በዕውቀቱ ሲያለቅስ እኔም ከቆምኩበት ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ “ታዲያ ብቻውን አልነበረም ማለት ነው” አላት። “አልነበረም” አለችው። “ለእናታችን ይህን እነግራታለሁ” አላት።

እንግዲህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ሜዳሊያ አልጠይቅም፤ ከአሥራ አራቱ አባላት አንዱን ማስከፋት አይገባኝም። ከውጤት መግለጫው ላይ “ያለ በቂ ምክንያት” የሚሉትን ቃላት ይሰርዙልኝ። በጀንበሬ ወረቀት ላይ ደግሞ “ሰጠመ” የሚለውን አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ቤተሰቡ እውነቱን ስላወቀ ለእነሱ ብለው እንዲደክሙ አልፈልግም። ይህን የምለምንዎ በሚመጣው ጥር እንደገና ጀልባ ስለምትከራዩ ነው፤ አንድም አደጋ ያልደረሰበት ኮሚቴ ደግሞ ጃኬቱን ከመቀመጫው ላይ የሚያነሣበት ምክንያት የለውም።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ እጅግ አዝናለሁ። የማይሰጥም ወንበር፣ የማይገለበጥ ሥልጣንና የማያልቅ ጭብጨባ እንዲሰጥዎ ለጤናዎ ስጸልይ አብሬ እጸልያለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ወ/ሮ ፀዳል
የተወዳዳሪ ቁጥር 11 እናት
ካርቲየ 5፣ ጅቡቲ

ግልባጭ፦
ለአቶ በዕውቀቱ፣ ወረታ
ለአሠልጣኝ ዓብዱረዛቅ
ጀልባውን ላከራየው ሰው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ዋና ጸሐፊዎ በዓብዱረዛቅ በኩል ምስጢራዊ መልእክት ልከውልናል። ከጥር ወዲህ ውሃ ስለሚያስፈራቸው ዋና መማር ይሻሉ፤ ሔርሜላ ብታስተምራቸውም ይመርጣሉ። ለልጄ ስነግራት “ይምጡ” አለች። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ውሃው ከወገብ በማያልፍበት ቦታ ትጠብቃቸዋለች፤ እሷ ስለማትገባ ከዳር ሆና ነው የምታስተምራቸው። የመጀመሪያው ትምህርት አፍን ዘግቶ መቆየት ነው ብላኛለች፤ እሱን እንኳ ዝለይላቸው፣ ይችሉበታል ብያታለሁ።