አዋሽ ላይ የቆመው መጽሐፍ

ለምወድህና ለምቀናብህ ታናሽ ወንድሜ ለክፍሉ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም በዚያ መጋዘን ካርቶን ስትሸከም ትውላለህ? የዶሃ ሙቀት ከእኛው እንደሚብስ ሰምቻለሁ፤ እዚህም ግንቦት ገብቶ ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባዬም ደም ግፊት ወርዶለታል። ልጄ ኑሀሚን ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ስልክ እያለ ምን ሆና ነው ደብዳቤ የምትጽፈው እንደምትል አውቃለሁ። ስትደውል አባዬ ድምፁን ከፍ አስደርጎ ከጎኔ ይቀመጣል፤ የምነግርህ ደግሞ ስለ እሱ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ መጽሐፍ አለ። የጎረቤታችን የዚነት ወንድም በሺር ወደ ሥራው ሲመለስ ያደርስልሃል። ወደ ጎን እንዳታስቀምጠው፤ ምክንያቱን እስክነግርህ ታገሰኝ።

እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። በረንዳው ላይ ወንበሩን አውጥቶ የሚያልፈውን ባጃጅ ሲያይ ይውላል። እኔ ደግሞ ሥራዬ መጽሐፍ ነው። ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስንቱን ልጅ በግድም በልመናም አንባቢ አድርጌዋለሁ። ዚነት እንኳ፣ ከትምህርት ከወጣሁ መጽሐፍ ነክቼ አላውቅም ትል የነበረችው፣ አንድ ልብ ወለድ ባስይዛት በሦስተኛው ቀን መጥታ "አቦ፣ ወላሂ ወጥ አሳረርሽብኝ፣ ሌላ አምጪ" አለችኝ። አባዬ ግን እምቢ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቀረብኩለትን ሁሉ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ይመልስልኛል። አንድ ቀን ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ አንቺማ ማመስገን ሥራሽ ነው፣ ታይዋን ገበያ ያለ ነጋዴስ ሸሚዙን "ኦሪጅናል ነው" አይልም ወይ አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን ከፍቶኝ ዋልኩ።

በገና ሰሞን ስለ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ የሚያወራ ቀጭን መጽሐፍ ይዤለት ገባሁ። እንደ ልማዱ ገፋ አደረገው። ያን ጊዜ ብልጭ አለብኝና "ክፍሉ ነው አንብብ ያለህ" አልኩት። ዋሸሁ። ቃሉ ከአፌ ከመውጣቱ መነጽሩን ፍለጋ ተነሣ፤ ኑሀሚንም ሮጣ ከጓዳ አመጣችለት። በአራት ቀን ጨረሰውና፣ ልጄ ደህና አድርጎ መረጠ፣ ድሮም ዓይን አለው አለኝ። አሥረኛ ክፍል ሳለህ የመጽሐፍ ማጠቃለያህን ቁጭ ብዬ የጻፍኩልህ ልጅ፣ ዓይን አለህ!

ቅናት ነው፤ አልሸፋፍነውም። መድኃኒቱን በሰዓቱ የምሰጠው እኔ፣ ጥፍሩን የምቆርጥለት እኔ፣ ከቀፊራ ገበያ ፓፓያ መርጬ የማመጣለት እኔ። አንተ በሳምንት አንዴ ደውለህ "አባዬ ውሃ ጠጣ" ስትለው ግን ወዲያው ሁለት ብርጭቆ ይጠጣል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ስለው የምውለውን። ቢሆንም ማንበቡን ስላየሁ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም መጽሐፍ በአንተ ስም ሰጠሁት። ባለፈው አባዬ በስልክ "የመረጥክልኝ ጥሩ ነው" ሲልህ መስመሩ ይቆራረጥ ነበርና፣ "እሺ እሺ አባዬ" ብለህ ማለፍህ አዳነኝ።

ጣጣው የመጣው በሦስተኛው ነው። አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር የነዳ ሰው መሆኑን ታውቃለህ፤ መጽሐፍም የሚያነበው በጣቢያ ከፋፍሎ ነው። ካርቶን ቆርጦ የጣቢያ ስም እየጻፈ በየምዕራፉ መካከል ሸጉጦበታል፤ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ እያለ። የት ደረስክ ስለው "አፍደም አድሬያለሁ" ይለኛል። ታሪኩ ወፍጮ ቤት ስላላቸው ባልና ሚስት ነው። ተኳርፈው በአንድ ጣራ ሥር አሥራ ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል፤ መልእክት የሚለዋወጡት እህል ሊያስፈጭ በመጣ ሰው በኩል ነው። አንድ ቀን ሚስትየዋ ትታመማለች። ወፍጮ ቤቱ ባዶ ነው፤ ባልየው ደጃፏ ላይ ቆሟል። አባዬ እዚህ ላይ፣ በእሱ አቆጣጠር አዋሽ ላይ፣ መጽሐፉን ዘጋና "ክፍሉ የት ደረሰ?" አለኝ። ደነገጥኩ። ገና መጀመሩ ነው አልኩት። እንግዲያው እስኪደርስ እጠብቀዋለሁ፣ አብረን ነው የምናልፈው አለኝ።

ይኸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነው። መጽሐፉ ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት አቧራውን ይጠርግለታል እንጂ አይከፍተውም። ወንበሩንም እንደገና በረንዳው ላይ አውጥቶታል። እኔ ያንን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ባልየው ይናገር አይናገር አውቃለሁ፤ ከጎኑ ነው ያለሁት። እሱ የሚጠብቀው ግን ሽፋኑን እንኳ ያላየኸውን አንተን ነው። እውነቱን ልንገረው ብዬ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ከነጭራሹ ማንበብ እንዳይተው ፈራሁ።

ስለዚህ የላክሁልህ የዚያው መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ነው፤ አንብብ። ጊዜ የለኝም እንዳትለኝ፤ ቲክቶክ ላይ ላይክ የምታደርገውን ሁሉ ለእኛም ያሳየናል፤ ድመቷ ከፍሪጅ ላይ ስትወድቅ አይቻታለሁ። ወደ ሥራ በሚወስዳችሁ አውቶቡስ ውስጥ አርባ ደቂቃ እንደምትቀመጥ አንተው ነግረኸኛል። የመጀመሪያው አሥር ገጽ ይከብድህ ይሆናል፤ ተወጣው። አንዲት ሴትዮ ሽሮ ልታስፈጭ መጥታ መልእክቱን አገላብጣ የምታደርስበት ቦታ ስትደርስ ሰው እስኪያይህ ትስቃለህ፤ ከዚያ ወዲያ የእኔ ልመና አያስፈልግህም። ስትጨርስ አብረውህ ከሚያድሩት ልጆች ለአንዱ አውሰው፤ እዚያ ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍቶ ነው የሚያመሸው ብለኸኝ አልነበር? ብቻ አዋሽ ማለት ገጽ መቶ ስልሳ አራት ነው፤ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ። አልፈህ ብታነብም ለአባዬ እንዳትነግረው።

ባለቤቴ ኃይለመለኮት ከፋብሪካው ፈረቃ ገብቶ እግሩን እየታጠበ ነው፣ ሰላም በይልኝ ብሏል። ዚነት ለበሺር የቋጠረችውን በርበሬ ተካፈሉ ብላለች። ኑሀሚን ቃል የገባህላትን የቀለም እርሳስ እንዳትረሳ ትልሃለች። አባዬ ለማን እንደምጽፍ ሲሰማ፣ አይቸኩል፣ ተረጋግቶ ያንብብ በይው ብሎኛል። አብረውህ ላሉት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አንድ ነገር ልለምንህ፤ ይህንንም አንተን መለመኔ ያናድደኛል። እስከ ዛሬ አባዬ አንድም ቀን "አንቺስ አንብበሽዋል?" ብሎኝ አያውቅም። አዋሽ ደርሰህ ስትደውልለት ስለ ባልየው የፈለጋችሁትን ያህል አውሩ። ከመዝጋትህ በፊት ግን "ስምረትስ ምን አለች?" ብለህ ጠይቀው። እኔ እዚያው ነኝ፤ ዞር ብሎ ይጠይቀኛል። የምመልስለትን ካዘጋጀሁ ቆይቻለሁ።

እህትህ ስምረት
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.