ላሟ የበላችው አጥር

ቆቦ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ወባው ለቀቀሽ ወይ? የፓዊ ጭቃ እንደፈራሽው እግርሽን ያዘው ወይስ ለመድሽው? እኔ ከቆቦ ሙቀት ጋር እየተጣላሁ፣ ለአንድዬ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ያልተመቸኝ ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሰው እያጻፍሽ የምትልኪው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ ይሄኛው ግን የራስሽ እጅ መሆኑን ገና ፖስታውን ሳየው አወቅሁ። መሠረተ ትምህርት ይባረክ። ፊደሎችሽ ሁሉ ወደ ግራ ዘመም ብለዋል፣ «ጠ» አንድ እግሯን አጥታለች። ድሮ የእኔን ጽሕፈት «ዶሮ የጫረችው» እያልሽ ትስቂብኝ የነበረው ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ጥያቄዎችሽን አነበብኩና ሳቄ ቆመ።

እማማ የሺን አገኘሃቸው ወይ ብለሻል። ልጄ አፏን ፈታች ወይ፣ የክርስትና ስሟስ ማን ተባለ ብለሻል። እማማ የሺን «እማዬ» ትላቸው እንደሆነ ተዋት፣ አልቀየምም፣ ብቻ ሌላም እናት እንዳለቻት ንገሯት ብለሻል። ሁሉንም እመልስልሻለሁ። ግን ታውቂኛለሽ፤ እናታችን «ይሄን ልጅ ውኃ ቅዳ ሲሉት ወንዙን ዳር ዳሩን ይሄዳል» ትል ነበር፣ ነፍሷን ይማር። እንደ ልማዴ ዳር ዳሩን ልሂድና አስቀድመሽ ስለ ቤቱ ስሚኝ። በሰባ ሰባት ለሰፈራ ስትጫኚ፣ ጡትሽ ደርቆ፣ ላም አላቸው ብለሽ አራስ ልጅሽን ያስታቀፍሻቸውን እማማ የሺን እዚያው ቤታቸው አገኘኋቸው። ቤቱንም ገዝቻለሁ።

ጓደኞቼ አብደሃል አሉኝ። በመስከረም ለዶክትሬት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሚሄድ ሰው፣ ያውም አፈር ሊያጠና፣ ቆቦ ላይ የጭቃ ቤት ምን ያደርግለታል? ከመኪናው መንገድ በስተምሥራቅ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ድንበሩም ጣጣ እንዳለበት አስቀድሞ ተነግሮኛል። እማማ የሺ አርጅተዋል፤ ሮቢት ከተማ፣ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሊገቡ ነው። አንድ የጎብዬ እህል ነጋዴ ሊገዛቸው ቀርቦ ነበር፣ ግቢውን እስከ ጥጉ ቆፍሮ መጋዘን ሊሠራበት። ያንን ስሰማ ቀድሜው ገዛሁ። ለምን እንደሆነ ትደርሺበታለሽ።

ስም ለማዛወር የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ መጥቶ መለካት ነበረበት። ካሳው ይባላል፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሜትሩን ዘረጋ፣ የድሮውን ፕላን አወጣ። ፕላኑ የጓሮውን ድንበር «የበለስ አጥር» ይለዋል። ካሳው ቀና ብሎ ቢያይ የበለስ ዘር የለም። እማማ፣ አጥሩ የት ሄደ ቢላቸው፣ ላሜ በላችው አሉት። ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

እውነታቸውን ነው። በዚያ ዓመት ሣር የሚባል ነገር ከምድር ሲጠፋ፣ እማማ የሺ የበለሱን ቅጠል እየቆረጡ፣ እሾሁን በእሳት እየለበለቡ ለላሟ ሰጡ። ላሟ እንድትታለብላቸው ነው፤ ወተቱ ለማን እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። በእሳቸው በኩል ያለው ሲያልቅ ጎረቤታቸው ነጅሙዲን በእኔም በኩል ያለውን ይቁረጡ አላቸው። ቅጠሉ ሲያልቅ ግንዱን፣ ግንዱ ሲያልቅ ሥሩን እየቆፈሩ አበሏት። ሁለቱን ግቢ የለየው አጥር እንዲህ ሆኖ ጠፋ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። በፕላኑ ልክ ከሄድን የጓሮው ሦስት ሜትር መሬት ወደ ነጅሙዲን ያልፋል። እማማ የሺ በሚያሳዩት ከሄድን ደግሞ የእኔ ይሆናል። ነጅሙዲን አልፈርምም አለ። ያ የምታውቂው ቁጣዬ ተነሣ፤ የመበለት መሬት ሊቀማ ያደባ ብዬ ሰው ፊት ሰደብኩት። እሱም፣ አንተ ዶክተር ልሁን ብለህ ባሕር ስትሻገር ያገኘኸውን ተከራይ አስገብተህ ሽንት ቤት ልታስቆፍርበት ነው፣ ወላሂ አንዲት ስንዝር አልለቅም አለኝ። ነገሩ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ዘንድ ደረሰ።

እዚያ የተባባልነውን ብትሰሚ ትስቂ ነበር። ነጅሙዲን፣ ጓሮውን ተውልኝና በመንገዱ በኩል እጥፉን ውሰድ አለ። የመንገዱ ዳር ሱቅ የሚከፈትበት፣ ሰው የሚጋደልበት መሬት ነው። እኔ ደግሞ የመንገዱ ይቅርብኝ፣ የራሴንም ጨምሬ ልስጥህ፣ ጓሮውን ብቻ ልቀቅልኝ አልኩት። ሰብሳቢው ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየን። ካሳው ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰው የተሻለውን መሬት እንካ እያለ ሲጣላ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ሄዳችሁ መሬቱ ላይ ቆማችሁ ተነጋገሩ ብለው አሰናበቱን።

እንደተባልነው ሄደን ጓሮው ውስጥ ቆምን። ከዚያ ነጅሙዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለመሆኑ አንተ የማን ወንድም ነህ አለኝ። እስከዚያ ቀን ያንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እማማ የሺም ምሥጢር ጠባቂ ናቸው፤ ለእኔ የነገሩኝን ለእሱ፣ ከእሱ ጋር ያላቸውን ለእኔ አልተነፈሱም። ስምሽን ነገርኩት። ያቺ በሰፈራ መኪና የሄደችው ወይ አለኝ። አዎ ስለው ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እትዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን ብቻሽን አታንብቢው። የዋጃዋ አሚና አሁንም ጎረቤትሽ ከሆነች ጥሪያትና አጠገብሽ አስቀምጪያት።

ነጅሙዲን መሬቱን የፈለገው ቤት ሊሠራበት አልነበረም። በዚያ ዓመት በገዛ እጁ የቆፈረው ቦታ ስለሆነ ነው። እማማ የሺ ማለዳ ታቅፈዋት መጥተው በሩን መቱ። ቤተ ክርስቲያን እንዳይወስዷት ክርስትና አልተነሣችም፤ ሰማንያ ቀኗ አልደረሰም ነበር። ወደ እኛ ሰዎች መቃብር ልውሰዳት ቢላቸው፣ እናቷ ስትመጣ የት ብላ ትፈልጋታለች አሉት። ስለዚህ የመጨረሻው የበለስ ሥር ከተነቀለበት ቦታ ሆነ። ነጅሙዲን ያልተለበሰ ነጠላውን ሰጠ። እዚያ ላይ ዶማ እንዳያርፍ፣ ለሰውም እንዳይወራ ተማማሉ። እኔን ሲከለክለኝ የከረመው ለዚህ ነው። እኔም ከመጀመሪያው ቀን፣ እማማ የሺ እጄን ይዘው ቦታውን ካሳዩኝ ጀምሮ ስጣላ የከረምኩት ለዚሁ ነው። ሁለት ጅሎች አንድ ነገር እንጠብቃለን ብለን ስንፋጅ ሰነበትን። ስድቤን ይቅር አለኝ። ከዚያ አለቀስን፤ እሱ በወጉ አለቀሰ፣ እኔ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት።

በነጋታው ካሳውን አስጠርተን ሁለታችንም ችካላችንን ወደየግቢያችን ሳብን። መሬቱ የእሱም የእኔም እንዳይሆን ነው። ካሳው፣ ባዶ መሬት በፕላን አይቀመጥም፣ ነገ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ አንድ ስም ስጡት አለን። ምክንያቱን አልነገርነውም፣ እሱም አልጠየቀን። ጥቂት አሰበና «መተላለፊያ» ብሎ ጻፈበት፤ ማኅተምም አርፎበታል። ነጅሙዲን የበለስ ቅጠል አምጥቶ በሁለቱም ጫፍ ተክሏል፣ ሰው አያልፍበትም።

አንድ ነገር እንደሚያብከነክንሽ አውቃለሁ። ርቧት አልነበረም። እማማ የሺ ደጋግመው ማሉልኝ፤ ወተቱ አንድም ቀን አልተቋረጠባትም፣ ያን ዕለት ማታም ጠጥታ ጠግባ፣ ጣታቸውን ጨብጣ ነበር። በዚያ ሰሞን አገሩ ላይ የወረደው ትኩሳት ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አልለየም። ይዘሻት ብትሄጂ መንገዱን አትችለውም ነበር። ጣልኳት እንዳትይ፤ ላም ላለው ሰው ነው የሰጠሻት፣ ያም ሰው አጥሩን አፍርሶ አብልቷታል።

እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ እንደማይነገር አላጣሁትም። ሐሳቤ ሽማግሌ ይዤ ማለዳ ደጅሽ ልደርስ ነበር። የይለፍ ወረቀት ብጠይቅ ዛሬ ነገ እያሉኝ የጉዞዬ ቀን ተቃረበ። ዝም ብዬ ልሂድና ስመለስ ልንገራት ብዬም ነበር። ግን እስክመለስ ድረስ በሐሳብሽ እያሳደግሻት፣ ቀሚስ እየለካሽላት እንድትኖሪ መተዉ አንጀቴ አልቻለም።

ቤቱ ያንቺ ነው። ተከራይ አላስገባሁም፣ ቁልፉ ነጅሙዲን ዘንድ ነው። የፈቀዱልሽ ቀን ከአውቶቡስ ስትወርጂ ነጅሙዲንን ብለሽ ጠይቂ፣ እሱ ይወስድሻል። ሮቢትም ሄደሽ እማማ የሺን እያቸው። ፊቷን እንዴት አያለሁ እያሉ ነው የሚያለቅሱት፤ አትቀየሚያቸው።

አሚናን፣ ወንድሜ ስለ እኔ ሆነሽ እቀፊያት ብሎ ለምኖሻል በያት። የመንደርሽ ሰዎች አይለዩሽ። የወለደ አንጀትሽን ፈጣሪ በእጁ ይዳብስልሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እኔንም ተመልሼ እግርሽ ሥር ለመቀመጥ ያብቃኝ።

እጅሽ የበረታ ቀን አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። እቅፍሽ ውስጥ ሳለች ማን ብለሽ ትጠሪያት ነበር? ነጅሙዲን በዱዓው፣ እማማ የሺም በጸሎታቸው፣ እስከ ዛሬ «ያቺ ልጅ» እያሉ ነው የሚያነሷት።

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እትዬ።

ታናሽ ወንድምሽ